በዋስ የተያዘ ቸርኬ

ባለቤቴ ባዩ ሲያርፍ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ የሳይክሉን ነገር አወራ። አንዱ "ቄስ ጎማ የያዙበት ሰውዬ" አለ። ሌላው "ያስያዘችው ሚስቱ ናት" ሲል መለሰለት። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ። ውሸት አልተናገሩም፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አጭር አልነበረም።

ባዩ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በቢጫ ሳይክሉ ከደብረ ታቦር ገሳይ ከተማ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ገሳይ ዘመድ የለውም፣ ጉዳይም የለውም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ይመጣል፣ አለቀ።

"ሻይ እዚህስ አለ አይደል?" እለዋለሁ።

"የገሳዩ ዳገት አለበት" ይለኛል።

ከዚያ ልቡ ታመመ። ባሕር ዳር ያየው ሐኪም መድኃኒት አዘዘለትና "መንገድ ላይ እንዳትወጣ፤ ቁጭ እንዳትልም። ቤት ውስጥ ቀስ እያልክ ንዳ" አለው። ባዩ "ቤት ውስጥ ወዴት?" ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ አልሳቀም።

ወንድሙ ፋሲል አዲስ አበባ የስፖርት ዕቃ ይነግዳል። ወሬውን እንደሰማ ደወለ። "ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱን ምረጥና እልክልሃለሁ፣ ስጦታዬ ነው" አለ። አንደኛው ስማርት ሳይክል የሚሉት ነው። ጎማ የለውም፤ ብቻውን ይቆማል፣ ስክሪን አለው፣ ዳገት ሲመጣ ራሱ ይጠነክራል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ራሱ ይላላል። ሁለተኛው ቱርቦ ትሬነር ይባላል። እሱ ሳይክል አይደለም፤ እግር ያለው ብረት ነው። የራስህን ሳይክል የኋላ ቸርኬ ከነጎማው ትፈታና ሰንሰለቱን ብረቱ ላይ ትጭናለህ፤ እዚያው ቆመህ ትነዳለህ።

"ነገ እነግርሃለሁ" አለው ባዩ።

ይህ የሆነው በጥምቀት ሰሞን ነው። ፋሲካ ደርሶም ነገ አልመጣም ነበር። መምረጥ ስፖርት ቢሆን ኖሮ የባዩ ልብ ያኔውኑ በዳነ። ኢንተርኔቱ እንደ መንገዱ ነው፣ ይከፈታል ይዘጋል፤ በተከፈተ ቀን ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ስለ ሁለቱ ዕቃዎች ያነባል። ሐኪሙ ይንዳ ያለው እግር እስከዚያ ሶፋ ላይ ተዘርግቷል።

"ስማርቱ መብራት ይፈልጋል" አለኝ አንድ ቀን። "መብራት ሲሄድ ዳገት መሃል ጥሎኝ ሊቀር ነው።"

"ሳሎን ውስጥ ጥሎህ ቢቀር ምን ትሆናለህ? ወርደህ ምሳህን ትበላለህ።"

"ትሬነሩ መብራት አይፈልግም።"

"ትሬነሩ ይጮሃል፤ ምንጣፌንም በግራሶ ያበላሽብኛል።"

ሁለታችንም የምንለው ሌላ፣ የምናስበው ሌላ ነበር። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ስማርቱ ከመጣ ቢጫው ሳይክል ይሸጣል። ትሬነሩ ከመጣ ግን ቢጫው ይኖራል፤ ቸርኬውን መልሶ ማሰር ደግሞ ውሃ እስኪፈላ አይፈጅም። እኔ የፈለግሁት ከቤት የማይወጣ ሳይክል ነው። እሱ የፈለገው ለጊዜው ቤት የገባ ሳይክል ነው። መንገድ ላይ ወድቆ በሰው እጅ ሲመጣ በዓይኔ ይታየኝ ነበር፤ ይህን ለራሱ መናገር ግን ሟርት መስሎኝ ምንጣፉን አመካኘሁ።

በመጨረሻ መነጋገር አቆምን። አንድ ሰሞን ወጡን ዝም ብዬ አቀርባለሁ፣ ዝም ብሎ ይበላል። ጎረቤታችን አያ ይሻው ይህን አይተው ዝም አላሉም። ሲሳይ የምትባለዋን የእህታቸውን ልጅና ባሏን አስታርቀው ገና መጨረሳቸው ነበር፤ እጃቸው አልቀዘቀዘም። የንስሐ አባታችንን አባ ምሕረትአብን ይዘው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጠላ ቀረበ። አባ ባርከው ተቀመጡና "በሉ ልጆቼ፣ ምን አጣላችሁ?" አሉ።

ባዩ ስለ ሁለቱ ዕቃዎች አስረዳ። ሲያስረዳ ደግሞ እንደ አስተማሪ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀመረ። አባ በትዕግሥት ሰሙት።

"ለመሆኑ ይሄ ስማርት የምትለው ወዴት ይሄዳል?"

"የትም አይሄድም፣ አባ።"

"ያኛውስ?"

"እሱም የትም አይሄድም።"

"ሁለቱም የትም ካልሄዱ እናንተን እዚህ ጠብ ላይ ምን አደረሳችሁ?"

አያ ይሻው በጠላው ትን አላቸው። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን ከሳቅሁ ተረታሁ ማለት ነው ብዬ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝሁ።

"ውብአለም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ምንጣፌ ይበላሻል፣ አባ።"

አባ ምንጣፉን አዩት። ከተገዛበት ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። "ይሄ ምንጣፍ ነው?" አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም ጥግ ላይ የቆመውን ቢጫ ሳይክል አይተው "አሃ" አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም።

እንደ ወጉ ሁለታችንም ውጡ ተባልን። ከገዛ ቤታችን ወጥተን አጥሩ ሥር ቆምን፣ እሱ በዚያ እኔ በዚህ። ስንጠራ አያ ይሻው ተነሥተው ቆሙ።

"የሽማግሌ ቃል ይከበራል?"

"ይከበራል።"

"አንቺስ?"

"ይከበራል፣ አያ ይሻው።"

አባ ፍርዱን ተናገሩ። "ባዩ ብረቱን ያስመጣ፤ ሳይክሉም አይሸጥ። ቸርኬው ግን እኔ ዘንድ ይቀመጥ። አንድ ሰው ብቻውን ቢመጣ አልሰጥም፤ ሁለታችሁ አብራችሁ ስትመጡ እሰጣለሁ። ዋሱ ይሻው ነው።"

የሽማግሌ ፍርድ መሃል ላይ ይወድቃል ሲባል እሰማ ነበር፤ ሳይክል ሲከፍል ግን ያየሁት ያኔ ነው። የፊቱ ጎማ ከባዩ ጋር ቀረ፤ የኋላው አያ ይሻው ትከሻ ላይ ሆኖ አባ ቤት ገባ። አባም ከልጆች እጅ እንዲርቅ በረንዳቸው ላይ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ስለት መስሏቸው የተሳለሙት አሉ ተብሎ ይወራል፤ እኔ አላየሁም።

ትሬነሩ መጣ። ባዩ ጠዋት ጠዋት የስፖርት ልብሱን ለብሶ ሳሎን ውስጥ መንዳት ጀመረ። ስልኩ ላይ የፈረንጅ አገር መንገድ ይታያል ተብሎ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ስለማይዘልቅ ዓይኑን ጨፍኖ የገሳይን መንገድ በቃሉ ይነዳል። አያ ይሻው ዋስ ነኝ ብለው ይመጡና ሶፋው ላይ እንደ ተሳፋሪ ይቀመጣሉ።

"የት ደረስን?"

"ዳገቱን ልንጀምር ነው፣ አያ ይሻው።"

"ቀስ በል፣ ፊት ለፊት በሬዎች አሉ!"

ይህም አልፎ ዓመት ሞላን። ሐኪሙ እንደገና መረመረውና "ደህና ነህ፤ ከፈለግህ መንገድ ላይ በመጠኑ መሞከር ትችላለህ" አለው። ማታ ባዩ ጫማውን ሲጠርግ አየሁት። ጠዋት ነጠላዬን ለበስሁና "ተነሥ፣ አባ ቤት እንሂድ" አልሁት።

አባ ቸርኬውን አወረዱት። ሳይሰጡት በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

"ከልብሽ ነው የመጣሽው?"

"በእግሬ ነው የመጣሁት፣ አባ። ልቤ እቤት ቀርቷል።"

"እግርም ይበቃል" ብለው ሰጡት።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ ቢጫው የመንገዱ መታጠፊያ ላይ እስኪሰወር አየሁ። ከዚያ ገብቼ የምይዘው ነገር ቢጠፋኝ ሽሮ ጣድሁ። በመኪና የሚያልፍ ሁሉ እሱን ጭኖ የመጣ ይመስለኝ ጀመር። በሩን ሦስቴ ከፍቼ ዘጋሁ።

ሽሮው ሳይወርድ በሩ ተንኳኳ። ባዩ ነው። ሳይክሉን እየገፋ ገባ። ጫማው አቧራ ነክቶታል፤ ሸሚዙ ግን ደረቅ ነው። ጊዜው ለገሳይ አይበቃም፤ ከተማው መውጫ ላይ ያለው ዳገት ድረስ ሄዶ ለመመለስ ብቻ ይበቃል። ብረቱ ላይ ዳገቱን የሚያጠነክረውም የሚያላላውም ባዩ ራሱ ነበር፤ የእግዜር ዳገት ግን ዓመቱን ሙሉ ማንንም ሳይጠይቅ እንደ ቆመ ነው። ፊቱን አየሁት። ስለ ምንጣፉ ስናገር እሱም እኔን ያየኝ የነበረው እንዲሁ፣ እውነቱን እያወቀ፣ ሳይሆን አይቀርም።

"ደረስህ?" አልሁት።

"ደረስሁ።"

"ገሳይ እንዴት ሰነበተ?"

"ደህና ነው።"

"ሰውስ አገኘህ?"

"አገኘሁ። ሰላም በልልን ብለውኛል።"

"እግዜር ያክብርልኝ" አልሁ። "ሻዩስ?"

ትንሽ አሰበ። "ስኳር አብዝተውበታል።"

ሽሮውን አቀረብሁ። ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቴ አስጨመረ። በልቶ ሲያበቃ ማንም ሳይለው ቸርኬውን ራሱ ፈታና አልጋው ሥር አስገባው፤ ቢጫውን መልሶ ብረቱ ላይ አሰረ። አባ ቤት እንውሰደው አላልሁም፤ እሱም አላለ።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እየነዳ ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

"ዛሬ ወዴት ነው?" አልሁት።

"ነፋስ መውጫ።"

ነፋስ መውጫ ከገሳይም አልፎ ነው፤ በደህናው ዘመኑም ሄዶ አያውቅም።

"ለምሳ ትደርሳለህ?"

"እንጃ፣ ከዘገየሁ አትጠብቂኝ" አለኝ።

ነጠላዬን አጣጥፌ ሶፋው ላይ፣ አያ ይሻው ከሚቀመጡበት ቦታ ተቀመጥሁ።