ዋስ ያጣው ሸኚ

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰላምታን ሳይቀር ያረጋል፤ አንዱ «እንደምን አደርክ» ሲል ቃሉ መንገድ ላይ በረዶ ሆኖ ይወድቅና መንገደኛ ረግጦት ያልፋል። ይስማው ይህን ከልቡ ያምናል። ከመዘዞ መጥቶ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተቀጠረ ወዲህ አንድም ሰላምታ ደርሶት አያውቅማ።

አንድ ቀን ደረሰው። ፋርማሲ የምትሠራው ፍሬሕይወት የሳል ሽሮፕ ስትሰጠው «እግዜር ይማርህ» አለችው። ለሁሉም የምትለው ነው። እሱ ግን ቃሉን በጉያው ይዞ ቤቱ ገባ፤ ሲነጋ ትዳር አድርጎት ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትወጣ ከኋላዋ ነው። መንገድ ብትቀይር ይቀይራል፤ ባጃጅ ብትይዝ ይይዛል። «መሸኘቴ ነው» ይላል ለራሱ። ፋብሪካ ውስጥማ በወሬው ድል ባለ ሠርግ አግብቷታል፤ የሠርጉ ድንኳን ጫፍ አንኮበር ደርሶ ነበር። ልጅቱ ያለ ወንድሟ ደጅ መውጣት ፈርታ፣ ከስታ፣ ነጭ ጋወኗ ሰፍቷታል።

እሑድ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። ይስማው እንግዳ ገብቶለት ስለማያውቅ የሚያደርገው ጠፋው። ያለችውን አንድ የመቀመጫ ዱካ ለታላቃቸው ለጋሽ ተክለጊዮርጊስ ሰጠ፤ ሁለቱን አልጋው ላይ አስቀምጦ እሱ ቆመ።

«ከፍሬሕይወት ቤት ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ተክለጊዮርጊስ።

«ሽማግሌ መላክ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለ እያፈረ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ስማ አንተ። መከተልህን ተው ልንልህ ነው። ልክሰስ ስትል የያዝናት እኛ ነን።»

«አንድ ክፉ ቃል ተናግሬያት አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ምንም ተናግረሃት አታውቅም። የሚያስፈራትም እሱ ነው።»

ይስማው መሬት መሬት አየ። «እሺ፣ እተዋለሁ።»

«እሺ ማለትማ ቀላል ነው። ቃልህን ብታፈርስ የምንይዘው ዋስ ጥራ።»

አሰበ። አከራዩ ስሙን አያውቁም። የፋብሪካ ሰዎች ቢጠሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሙሽራዋን ነው።

«የሚያውቅህ ሰው የለም?»

«አለ እንጂ። ፍሬሕይወት ታውቀኛለች።»

አልጋው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሊስቁ ጀምረው ተዉት።

«አታውቅህም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ቀስ ብለው። «እንግዲህ ዋስ ከሌለህ ነገሩ ከእኛ አለፈ። ጋቢህን ልበስና ጣቢያ እንሂድ፤ ክሷን እዚያ ታሰማለች።»

መሃላቸው አድርገውት ወጡ። ሽማግሌዎቹን የማያውቅ የለምና ከየደጁ «እንደምን አደራችሁ» ይሏቸዋል። ይስማው ከሁሉም ቀድሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ይመልሳል።

«ቀስ እንበል ጋሼ፤ ዳገቱ ያደክማችኋል» አለ፣ መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ሆኖ ሳለ።