ኮቱ

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የቡ በምትባል ከተማ አካባቢ፣ በመንደር ምሥረታው ዘመቻ፣ የገበሬው ቤት እየፈረሰ ወደ አዲስ መንደር ይጓጓዝ ነበር። እኔ አናጢ ነኝ፤ የዙቤይዳን ጣሪያ እንዳነሳላት ጠራችኝ። የመጨረሻውን ቆርቆሮ ሳወርድ ትንሽ ውሻዋ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ፣ ራሱን ወደ ግራ አዝምሞ ያየኛል።

«አንገቱን ምን ሆኖ ነው?»

«ጆሮው ነው፣ ይመግላል። አይገድለውም፤ የሚያጥብለት ሰው ግን ይፈልጋል።»

እናቱ የአገር ውሻ፣ አባቱ የፈረንጅ ዘር ነው አለችኝ። እግሩ አጭር፣ ፀጉሩ ረጅም። የአዲሱ መንደር ኮሚቴ ውሻ ይዛ እንዳትገባ ነግሯታል።

«የታመነ አባት፣ ለአላህ ብለው ይውሰዱት። እዚህ ከቀረ ጅብ ይበላዋል።»

«ጅብ ይሄን? ለጥርሱም አይበቃው።»

ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

«አንድ አመል አለው። ‹ኮቱ› ካላሉት ምግብ አይነካም። ከልጆቼ እጅ እንዳይነጥቅ ብዬ ያስለመድኩት ነው። ሥጋ እንኳ ፊቱ ቢያደርጉለት ይጠብቃል።»

ኮቱ በኦሮምኛ ና ማለት ነው። ለዚህ ውሻ ግን ብላ ማለት ሆኗል።

ቦሳ ኪቶ ሰፈር ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ሙሉነሽ ተኝታለች። ልጃችን ታመነ ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ናት። ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ እንኳ ቤቷ ውስጥ መዘመር አልተወችም ነበር። የታመነ ወሬ ሲጠፋ ግን መዘመሩንም መብላቱንም ተወች።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«ውሻ።»

«ለእኛ መች ተረፈን?» ዞር ብላ አየችው። «ደግሞ ይሸታል።»

«ጆሮው ነው።» ዙቤይዳ ያስለመደችውንም ቃል ነገርኳት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ለብ ባለ የጨው ውሃ ጆሮውን ስታጥብለት አገኘኋት። «አርፈህ ተቀመጥ፣ አንተ ሽማግሌ!» ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ለእሱ ስትል መነሳት ጀመረች። ሳህኑን አስቀምጣ «ኮቱ» ስትለው እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ ትቆርሳለች። አንድ ቀን ስታንጎራጉር ሰማኋት። ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ። ውሻው አንድ ነገር ቢሆን ተመልሳ እንደምትተኛ አወቅሁ። ስለዚህ እሰጋለት ነበር።

ክረምት ሲገባ ሰፈር ውስጥ እብድ ውሻ ልጅ ነከሰ። ያልታሰረ ውሻ ይገደላል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። አሰርኩት። ገመዱ የታመመውን ጆሮውን ሲነካው ይጮሃል፤ ሙሉነሽ አሳዘናትና ገመዱን አላላችለት።

በማግስቱ ጠዋት የቀበሌው ጥበቃ ነጋሳ መርዝ የገባበት ሥጋ በየአጥሩ ሥር እየጣለ አለፈ። እኔ ጓሮ ሳንቃ እየላግሁ ነበር። የሙሉነሽን ድምፅ ሰምቼ ወደ ፊት ለፊት ሮጥኩ።

ውሻው ከገመዱ ወጥቶ የአጥሩ በር ላይ ቆሟል። ሥጋው እግሩ ሥር ነው። አልነካውም። ራሱን አዝምሞ ሙሉነሽን ያያል፤ ቃሏን እየጠበቀ ነው። እሷ ግን ሊበላው ነው ብላ ደነገጠች። ከደጃፉ ላይ ሆና እጇን ዘርግታ ወደ እሷ እንዲመጣ ጠራችው።

«ኮቱ! ኮቱ!»

ጎንበስ ብሎ በላ።

ወተት ጋትነው። አልረዳውም። እስኪያበቃ ድረስ ራሱን ጉልበቷ ላይ ይዛ ቆየች።

«ብላ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ቀድሞ ቀምሶት ነበር።»

«አትዋሸኝ፣ ኤርሲዶ።»

ረፋዱ ላይ ነጋሳ ጋሪ እየገፋ መጣ። ጋሪው ሙሉ ነው።

«ጋሼ ኤርሲዶ፣ ይቅር በሉኝ። የእናንተ መሆኑን አላወቅሁም። የሞተውን ሁሉ ሰብስብ ተብያለሁ።»

«አልሰጥህም» አለችው ሙሉነሽ።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ትእዛዝ ነው። እኔንም ይጠይቁኛል።»

«ይሄን እንኳ እኔ ልቅበር።»

ነጋሳ የታመነ እኩያ ነው፤ አብረው ኳስ ተጫውተዋል። አንገቱን ደፋ። ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

ዶማውን ይዤ ብመጣ ከእጄ ተቀበለችኝ። እንሰቱ ሥር ብቻዋን ቆፈረች። ላግዝሽ ብላት ዶማውን አልለቀቀችም። አፈሩን መልሳ በእጇ ጠቀጠቀችና ወደ ቤት ገባች።

ያን ቀን ምንም አልቀመሰችም። በማግስቱ ጠዋት ጠራኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች እንጂ አልተነሳችም።