የግራራምባው ብራና

ሕሊና ያን ዓርብ እንደ ሌላው ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። በሰፈሩ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ መጀመሪያ ቧንቧውን ከፈተች፤ አራቱን ጀሪካን ሞልታ በረንዳው ላይ ደረደረች። ሻይ አፈላች፤ ከትናንት በተረፈ ዳቦ ጠጣች። ብርጭቆዋን አጥባ ደፋች። መብራት ሳይጠፋባት ነጠላዋን ተኮሰች። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰማያዊውን የወረቀት ማኅደር አውርዳ በትልቁ ቦርሳዋ ከተተችና በሩን ቆልፋ ወደ አስፋልቱ ወጣች።

አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ወይንሸት ደወለች። ወይንሸት የሕሊና ባል የዶክተር አምሐ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ አስጎብኚ ናት። ከደብረ ማርቆስ የመጡ ስድስት ጡረተኛ መምህራንን ይዛ ከፒያሳ እየወረደች ነበር። ሕሊና ወደ ግራራምባ ማርያም አብሬያችሁ ልሂድ ብላ ከለመነቻት ሦስት ቀኗ ነው፤ ወይንሸት ደግሞ ሦስቱንም ቀን ምክንያት ስትደረድር ከርማለች። አሁንም መንገዱ አቧራ ነው፣ ዳገቱ ለጉልበት አይሆንም አለቻት። ሕሊና ጉልበቷ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ወይንሸት እሺ እዚያው ጠብቂን አለቻት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ቆመላት።

በማኅደሩ ውስጥ ያለው አንድ የብራና ቅጠል ነው። ያገኘችው ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት ነበር። የአምሐ የትምህርት ክፍል እቤት የቀሩትን መጻሕፍት እንድትመልስ ሲጠይቃት መደርደሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ነካችው፤ አምሐ ከሞተ ዓመት ከሰባት ወሩ ነው። ቅጠሉ በታጠፈ የጎንደር ካርታ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ከሥሯ አንድ ሰው ተደፍቶ ይለምናል፤ ስሙ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሕሊና ሥዕሉን ታውቀዋለች። አምሐ በጻፈው የጎብኚዎች መምሪያ ላይ፣ ከግንቦቹ፣ ከፋሲል መዋኛ፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴና ከቁስቋም ቀጥሎ በመጨረሻው ገጽ የታተመው ይኸው ነው። የግራራምባ ማርያም ባለሥዕል የብራና መጽሐፍ፤ ከጠዳ በላይ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በቤተ መጻሕፍት የሠራች ሴት የተቀደደና የተቆረጠ አይጠፋትም። ይህ በምላጭ ተቆርጧል። አብሮት አንድ ፖስታ ነበር፤ በላዩ በአምሐ እጅ የተጻፈ የአዲስ አበባ ስልክ ቁጥርና ቀን። ቀኑ ሐኪሙ ኩላሊቶችህ ከእንግዲህ አይሠሩም ካለው በአራተኛው ቀን ነው። ለሕክምናው ሊሸጠው እንደነበር ገባት፤ ቁጥሩን ደወለች፤ አይሠራም። ሳይሸጠው የቀረው ተጸጽቶ ይሁን ገዢ ጠፍቶ፣ አሁን የሚነግራት የለም።

ዕቅዷ አጭር ነበር። አምሐ እራት ላይ ሲያወራ እንደሰማችው፣ የግራራምባው ቄሰ ገበዝ መጽሐፉን ለእንግዳ አትሮንስ ላይ ዘርግተው ካሳዩ በኋላ ጠበል ሊያመጡ ይሄዳሉ፤ መጽሐፉን ከእንግዳው ጋር ትተው። «አባ ሰው ማመን አይታክታቸውም» ይል ነበር አምሐ። እሳቸው ጠበል ሊቀዱ ሲሄዱ ቅጠሉን ከቦታው ትመልሰዋለች። ማንም ሳያውቅ ወጥቷል፤ ማንም ሳያውቅ ይገባል። የአምሐም ስም እንደ ነበረ ይኖራል።

ሚኒባሱ ውስጥ አቶ ሙሉሰው የሚባሉ የታሪክ መምህር ነበሩ፣ አፋቸው የማያርፍ። ትናንት በግቢው ውስጥ ከእነሱ ሌላ አንድ ጎብኚ እንኳ እንዳላዩ እየተናገሩ፣ «ግንቦቹ ናቸው እኛን የጎበኙን» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ወይንሸት ግን በመስኮት ታይ ነበር።

ግራራምባ ሲደርሱ ቄሰ ገበዝ ኃይለ ጊዮርጊስ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ተቀበሏቸው። አጥንታቸው የወጣ፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። የብር መስቀሉን አሳዩ፤ ከበሮውን፣ ዘውዱን፣ አንድ ያረጀ የወርቀ ዘቦ ካባ። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። አትሮንሱ ባዶውን ጥግ ላይ ተቀምጧል።

አቶ ሙሉሰው መምሪያውን ከኪሳቸው አወጡና መጽሐፉስ ብለው ጠየቁ።

«መጽሐፉ ለጥገና ሄዷል» አሉ ቄሰ ገበዝ።

«ማን ወሰደው?»

«ዶክተር አምሐ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ ሰው ነበሩ። እሳቸው ወሰዱት፤ ከዚያ ዐረፉ። ነፍስ ይማር። መጽሐፉ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።»

«ወሳጁንስ ሸጋ መርጣችኋል» አሉ አቶ ሙሉሰው። «ሙት አይጠየቅ።»

ወይንሸት ወደ ሕሊና ዞር አለችና ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። ያን ጊዜ ሕሊና የሦስቱ ቀን ምክንያት ገባት። ነገሩ አዲስ አይደለም። አስጎብኚዎቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ለእንግዳ ሁሉ ይነገራል። ፒያሳ ላይ ቆመው ሰላም የሚሏት፣ አንገታቸውን ደፍተው እንዴት ከረምሽ የሚሏት፣ ሁሉም መጽሐፉን ባልሽ ይዞት ሄደ እያሉ በሆዳቸው ኖሯል። እሷ አንድ ቅጠል ልትደብቅ መጣች፤ እነሱ መጽሐፉን በሙሉ ጭነውበታል።

ወይንሸት እንግዶቹን ሜዳውን ላሳያችሁ ብላ ይዛቸው ወረደች። ሕሊና ቀረች።

«አባ፣ እኔ የአምሐ ባለቤት ነኝ።»

ሽማግሌው በሩን ተደግፈው ቀስ እያሉ ከደፉ ላይ ተቀመጡ። እሷም ከፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መጽሐፉ ሲወጣ አምሐ በሕይወት ነበረ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አልነበረም አሉ። ከዚያ ሁሉንም ነገሯት፣ አንዱንም ሳያስቀሩ፣ ሰው የሚጠይቃቸው እስኪመጣ ሲጠብቁ እንደ ኖሩ ሁሉ።

አምሐ በሞተ በአራተኛው ወር፣ በጥቅምት፣ የጦርነቱ ተኩስ ወደ ጠዳ ሲቀርብ፣ መጽሐፉ እንዳይዘረፍ ለሁለት ዲያቆናት ሰጥተው ወደ ቆላ ሰደዱት። አንዱ ዲያቆን በሦስተኛው ቀን ከወንዝ ዳር ሞቶ ተገኘ። ሁለተኛው የእሳቸው ልጅ ልዑልቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሞቷል የሚሉ አሉ። ጓደኛውን ገድሎ መጽሐፉን ሸጦ በመተማ ወጣ የሚሉም አሉ። ወሬው ሲበዛ፣ እሳቸው ሌላ ወሬ ፈጠሩ፤ አምሐ ወሰደው አሉ።

«ባልሽ ሸጋ ሰው ነበረ» አሉ። «አውቃለሁ። ግን የሞተ ምን ይጎዳል አልሁ። የእኔ ልጅ በሕይወት ካለ ይመለሳል። ሲመለስ የሚገባበት አገር ይኑረው ብዬ ነው።»

ሕሊና ሽማግሌውን ትጠላቸው ዘንድ ፈለገች፤ አልሆነላትም።

ቄሰ ገበዝ ደግሞ ቀጠሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ቆሜ ዋሽቻለሁ እላለሁ አሉ። አምሐ ከዚህ ደብር አንዲት ክር እንኳ አላወጣም ብዬ በመስቀሌ እምላለሁ አሉ። ስሙን እንደ ነጭ ሐር አድርጌ እመልስልሻለሁ አሉ።

ቦርሳው ጭኗ ላይ ነበር። ተነሥታ አመስግና መሄድ ትችላለች። ከዚህች ሰዓት በኋላ አምሐን የሚጠረጥር ሰው በምድር ላይ አይኖርም። መጽሐፉ ስለሌለ የጎደለውን ቅጠል የሚቆጥርም የለም። ቤቷ ገብታ ማኅደሩን ከቁም ሣጥኑ አናት ብትመልሰው ነገሩ እዚያው ያልቃል። ግን ሽማግሌው ሊምሉ ነው፤ በመስቀላቸው፤ በሐሰት።

ቦርሳውን ከፈተች።

ቄሰ ገበዝ ቅጠሉን ሲያዩ ከሚለምነው ሰው ስም ላይ ጣታቸውን አኖሩ። ከዚያ ተሳለሙት፤ ግንባራቸውን ነክተው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው እርጥብ ነበር።

«ላልቶ ወድቆ ነው» አሉ ፈጠን ብለው። «ሊጠግነው ወስዶት ሞት ቀደመው። እንዲህ ብለን በመዝገቡ እንጽፈዋለን።»

ሕሊና እጃቸውን ይዛ ጣታቸውን በቅጠሉ ዳር ላይ አስኬደችው፤ ከላይ እስከ ታች። ዳሩ ቀጥ ያለ ነው።

«ይህ ምላጭ ነው፣ አባ። ታሞ ነበር። ሊሸጠው ነበር። ለምን እንዳልሸጠው አላውቅም።»

«እና ለምን ታወጪዋለሽ? እኔ እኮ አላየሁም ማለት እችላለሁ።»

«የሠራው ይጻፍበት። ያልሠራው አይጻፍበት።»

ከሜዳው በኩል የአቶ ሙሉሰው ድምፅ ይሰማል፤ ፎቶ አንሺው ራሳቸውን ቆርጦ እንዳያስቀር ያስጠነቅቃሉ።

«የእኔስ ልጅ?» አሉ ሽማግሌው።

«የእርስዎም ልጅ እንደዚያው። መጽሐፉን ማን ይዞ እንደ ወጣ ይጻፍ። ከዚያ ወዲያ የማይታወቀው እንደማይታወቅ ይጻፍ።»

ተነሥተው ከሣጥኑ መዝገቡን አመጡ። የመጀመሪያውን መስመር ሁለቴ ሠረዙት። በጥቅምት ወር መጽሐፉን ዲያቆን ልዑልቃል ኃይለ ጊዮርጊስና አንድ ባልደረባው በቄሰ ገበዙ ትእዛዝ ይዘው ወጡ፤ አልተመለሰም። የልጃቸውን ስም ሲጽፉ ብዕሩን አንሥተው ትንሽ ቆዩ። ከሥሩ፦ በዶክተር አምሐ ተቆርጦ የወጣው አንድ ቅጠል በባለቤቱ እጅ ተመለሰ። ሕሊና ፈረመች። እሳቸውም ፈረሙ። ጠበል ላምጣልሽ አሏት፤ ጠጣች።

በሚኒባሱ ወይንሸት ከጎኗ ተቀመጠች። ሕሊና ሰፈሯ ላይ ስትወርድ፣ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። ሕሊና ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወረደች።

እሑድ መዝገቡ በዐውደ ምሕረቱ ተነበበ። በሳምንቱ ቄሰ ገበዝ ኃይለ ጊዮርጊስ ከሹመታቸው ተነሡ። በየካቲት የአምሐ ፎቶ ከትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ወረደ፤ ከክፍሉ ሠራተኞች አንዱ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት፤ ተቀብላ አመሰገነችው። በአዲሱ የጎብኚዎች መምሪያ ግራራምባ አልተካተተም።

መጽሐፉ መቶ አርባ ሁለት ቅጠል ነበረው። አንዱ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አለ። መቶ አርባ አንዱ የለም።