የሆታው ፈቃድ

መንጌ ላይ የወርቅ ጉድጓድ ተደረመሰ የሚል ወሬ ሰፈራ መንደሩ አምባ ስምንት ከደረሰ ወዲህ የአስረሳሽ ወገብ ቀና ብሎ አያውቅም። ልጇ ይልቃል፣ አሶሳ የክልል ከተማ ስትሆን ሥራ አገኛለሁ ብሎ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከርሞ፣ ወርቅ ሊያወጣ መንጌ የወረደው በኅዳር ነው። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ ቁርጡን የሚያውቅ የለም። እሷ ግን በልቧ አልቅሳ ጨርሳለች።

ሴት ልጇን ልትድር ድንኳን የጣለችው ጎረቤቷ ብዙወርቅ ከቀትር በኋላ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እታለም፣ ሙሽራይቱ ነገ ልትወጣ ነው። ሆታው ይሁን አይሁን ካንቺ ልስማ።»

ከአገሬው ከበርታዎች መንደር ለገበያ ስትመጣ አስረሳሽ ዘንድ የምታርፈው ኑራ፣ ሰሊጥ ማበጠሯን ትታ ቀና አለች።

«ሆታ ምንድን ነው? ዘፈን አይደለም?»

«ዘፈንማ ተቀምጠሽም ይዘፈናል» አለች ብዙወርቅ። «ሆታ ተያይዞ፣ ከበሮውን ከመሃል አድርጎ፣ አቧራው እስኪጤስ መዝለል ነው። ወሎም ሳለን እንዲሁ ነበር። ጎረቤት ኀዘን ካለ ግን እግር አይነሳም።»

«ታዲያ እዚህ ቤት ማን ሞተ?»

ብዙወርቅ ወደ አስረሳሽ ዞረች።

አስረሳሽ ደክሟታል። ተዉት ብላ በሯን ብትዘጋ በወደደች። ግን ተዉት ማለት ልጄ ሞቷል ብሎ ማወጅ ነው፤ ነገ ድንኳኑ ለለቅሶ ወደ እሷ ደጅ ይዞራል። ጨፍሩ ብትልና መርዶው ሆታው መሃል ቢደርስስ? በልጇ ሬሳ አስጨፈረች ይሏታል። መድረሱም አይቀርም፤ ክፉ ወሬ የእሷን ቤት ስቶ አያውቅም።

«እኔ ቤት ኀዘን የለም» አለች በመጨረሻ። «ጨፍሩ።»

«አንቺ መጥተሽ ካላጨበጨብሽ ማን ደፍሮ ይዘላል?» አለች ብዙወርቅ። «ሁሉም ዓይን ዓይንሽን ነው የሚያይ።»

«አስረሳሽ፣ አንተ ሂድ» አለች ኑራ በተሰባበረ አማርኛዋ። «እኔም አብሮ ይሄዳል።»

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ከበሮው ተንጠልጥሎ ዝም ብሏል። አስረሳሽ ገብታ ተቀመጠች፤ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ከበሮው ተቀበላት። ጎረምሶቹ ተያያዙ፣ መሬቱ ይደለቅ ጀመር። የአጥሩ በር በተከፈተ ቁጥር ዓይኗ ይሄዳል። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ለብዙወርቅ በጆሮዋ ሲነግራት የአስረሳሽ ጭብጨባ ተዛባ፤ የሰውየው ወሬ ግን ስለ ጠላ ኖሯል።

«በቃ፣ እጅ ይታመማል» አለቻት ኑራ።

«ካቆምኩ ያለቅሱልኛል።»

ጎረምሶቹም ደክሟቸው፣ ሊያርፉ ፈልገው ወደ እሷ አዩ። አስረሳሽ ጭብጨባዋን አፈጠነችው።