የሸክላ ቀለም ሰርግ

ወይዘሮ ሣራ ስትናደድ አትጮህም፤ ድምጿን ዝቅ ነው የምታደርገው። ብሩክታዊት ይህን ያወቀችው ስለ ሰርጉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነጋገሩ ነበር። ዛሬ አራተኛቸው ነው፤ አሁንም አንድ ቀለም መምረጥ አልቻሉም። ብሩክታዊት በፊቷ «እርስዎ» ትላታለች፤ ምን ታድርግ፣ የእጮኛዋ እናት ናት። በልቧ ግን «አንቺ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች፤ እኛም በልቧ እንሂድ።

ሴቻ ሰፈር በሚገኘው በሣራ ሳሎን ውስጥ አራት ሰው ተቀምጧል። ሣራ ትልቁን ሶፋ ብቻዋን ሞልታዋለች። ልጇ አሸናፊ አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ስልኩን ይነካካል። ብሩክታዊት ከፊት ለፊታቸው ናት። ፈሪዳ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የጨርቅ ናሙናዎቿን ዘርግታለች። ፈሪዳ ሲቀላ ሰፈር፣ ከአባቷ ጨርቅ ሱቅ ጎን የሰርግ ዲኮር የምትሠራ ልጅ ናት፤ እጇም ምላሷም ፈጣን ነው።

«ነጭና ወርቃማ ብያለሁ» አለች ሣራ። «ነጭና ወርቃማ ምን ይወጣለታል?»

«ምንም አይወጣለትም እትዬ። ግን ሰሞኑን የሠራሁት ሁሉ ነጭና ወርቃማ ነው። ሰው ፎቶውን ሲያይ የማን ሰርግ እንደሆነ መለየት አቅቶታል።» ፈሪዳ ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላቸው። «እስቲ ይቺን ይዩልኝ። የዘንድሮ ቀለም ይሄ ነው፣ የሸክላ ቀለም። አዲስ አበባ አብደውለታል!»

ፎቶው ላይ ጠረጴዛዎቹ ክሬም ጨርቅ ለብሰዋል። በየመሐላቸው ትንንሽ ማሰሮዎች ደረቅ ሣርና ነጭ አበባ ይዘው ቆመዋል። የሚዜዎቹም ቀሚስ የተተኮሰ ሸክላ መልክ አለው።

የብሩክታዊት እናት በለጥሽ ራቅ ብላ ባለችው ካምባ ውስጥ ሸክላ ሠሪ ናት። በማሰሮ አሳድጋት፣ በማሰሮ አስተምራት ነው ዛሬ የላብራቶሪ ባለሙያ የሆነችው። «ይሄ!» አለች ሳታስበው። «እኔ የምፈልገው ይሄን ነው!»

አሸናፊ ከስልኩ ቀና አለ። ሣራ ግን ፎቶውን ሁለተኛ አላየችውም።

«ፈሪዳዬ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እስቲ በረንዳው ላይ ትንሽ አረፍ በዪልን።»

ምስኪን ፈሪዳ ምን ታውቃለች? ለእሷ ቤተሰብ ማሰሮ ማሰሮ ነው። በዚህ አገር ግን ከጥንት ጀምሮ ገበሬው ከሸክላ ሠሪው ጋር አይጋባም፤ ከአንድ ማዕድም አይቆርስም። አሁን ዘመኑ ተለውጧል ይባላል፤ ይባላል ነው እንግዲህ! ሣራ የብሩክታዊትን ዘር የሰማችው ሽማግሌ ልካ ቃል ከታሰረ በኋላ ነው። እንቢ እንዳትል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆማ «በጌታ ሁላችንም አንድ ነን» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ምእመኑ ምን ይላታል? ጥርሷን ነክሳ እሺ አለች። ለጎረቤቱ ግን «የሙሽሪት እናት ካምባ ውስጥ ነጋዴ ናት» ብላ አስወራች።

«አብደሻል ወይስ ሆን ብለሽ ነው?» አለች ሣራ፣ ፈሪዳ ገና ከመውጣቷ። «እኔ አፌን ሞልቼ ነጋዴ ናት ብዬ፣ አንቺ በየጠረጴዛው ማሰሮ ደርድረሽ ልታዋርጂኝ?»

«ማሰሮ ምን ያዋርዳል? እርስዎ ጓዳስ ስንት አለ?»

«ጓዳ ነዋ! ቦታው ጓዳ ነው። ሰው ፊት የምታወጪው ዘርሽን ልታውጂ ካልሆነ ለምንድን ነው?»

«ባውጅስ?»

«ባታውጂ ይሻልሻል። ልጄ ስንት የደህና ቤት ልጅ እያለለት አንቺን ነው ያመጣብኝ። ችዬሽ ነው ያለሁት።»

«ችዬሽ!» አለች ብሩክታዊት። «ምን አድርጌዎት ነው የሚችሉኝ? መድረክ ላይ ሲወጡ አንድ ነን፣ ሳሎን ሲገቡ ችዬሽ! ይሄ ግብዝነት ካልሆነ ምን ይባላል?»

«አሸናፊ፣ ትሰማታለህ? ግብዝ አለችኝ! በገዛ ቤቴ!»

«አንተስ?» ብሩክታዊትም ወደ እሱ ዞረች። «አፍ የለህም?»

አሸናፊ ስልኩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ሁለታችሁም ተረጋጉ እንጂ» አለ። ይኸው ነው! ቤት እየነደደ ተረጋጉ የሚል ሰው፣ እሳቱን ከለኮሰው ቢብስ እንጂ አያንስም። ብሩክታዊት ግን ያኔ እንዲህ አላሰበችም። ጨዋ ስለሆነ ነው አለች፤ ፍቅር አይደል።

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ብዘረዝረው ለጆሮም አይበጅም። የማታፍሪ ተባለች፤ ሰው የማያውቁ አለቻት። ፈሪዳ በረንዳው ላይ ሆና እንዳልሰማች ለመምሰል ሳል አበዛች። ብሩክታዊት በመጨረሻ እጆቿን አጣምራ «ቬሎውን የምለብሰው እኔ ነኝ፤ ከሸክላ ቀለም ሌላ አልፈልግም!» ብላ ወንበሯ ላይ ተለጠጠች።

ሣራ ብዙ ነገር ናት፤ ሞኝ ግን አይደለችም። «ይሁን» አለች። «ሰው ፋሽን ነው ብሎ ያልፈዋል። ግን አንድ ነገር ስሚኝ። ፊተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የሰርጉን ቀለም የለበሰ ቤተሰብ ብቻ ነው። ጨርቁን የማድለው ደግሞ እኔ ነኝ። ለእናትሽ አይደርስም። ከድንኳኑ ኋላ ወጥ ከሚያወጡት ሴቶች ጋር ትሁን፤ ማንም እንዳያስተዋውቃት። ማሰሮው ይምጣ።»

ብሩክታዊት እዚያው ብድግ ብላ መውጣት ነበረባት። እኔ ብሆን እወጣ ነበር፤ አንቺም ትወጪ ነበር። እሷ ግን በጠብ ብዛት ደክማለች፤ ደግሞም ያሸነፈች መስሏታል።

«እሺ በያት» አለ አሸናፊ፣ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ። «አንድ ቀን እኮ ነው። በናትሽ!»

በናትሽ አላት፤ በዚያችው ከድንኳን ኋላ በምትጣለው እናቷ! ብሩክታዊት ግን አላስተዋለችም። ማሰሮዎቹን የምትሠራው እማዬ ናት፤ እነሱ ፊት ከተቀመጡ፣ እማዬም ፊት እንደተቀመጠች ይቆጠራል ብላ ራሷን አሞኘች።

«እሺ» አለች።

ቅዳሜ ካምባ ወረደች። መንገዱ ግማሽ ቀን ፈጀባት። በለጥሽን ያገኘቻት ግቢው ውስጥ፣ እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ ሆኖ ነበር። ብሩክታዊት ጉዳዩን ስትነግራት መጀመሪያ ሳቀችባት።

«ማሰሮዬን? ሰርግ ላይ? አበባ ሊያዝበት?»

«አዎ እማዬ። ሠላሳ ጠረጴዛ ነው። በየጠረጴዛው አንድ አንድ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እንደሱ ከሆነማ አንገታቸውን ቀጠን፣ ሆዳቸውን ሞላ አድርጌ ነው የምሠራልሽ። አፈሩን ነገውኑ አስመጣለሁ። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ማድረቅ አለብኝ።» ወዲያው ካቦካችው ጭቃ ቆርሳ አንዷን ለማሳያ ማበጀት ጀመረች። እንዲህ ፊቷ ሲፈካ ብሩክታዊት ካየች ዓመታት አልፈዋል።

«የኔንስ?» አለች በለጥሽ፣ ከጭቃው ቀና ሳትል። «ጎረቤቴ ልጇን ስትድር ከወንዱ ቤት ጨርቅ መጥቶላት ነበር። ሁሉም እናቶች አንድ ቀለም ለብሰው፣ እንዴት ያምሩ ነበር! የኔን ይዘሽ መጣሽ?» ዓይኗ ወደ ልጇ ቦርሳ ሄደ።

ብሩክታዊት ቦርሳውን ከፈተችው። ስኳርና ዳቦ እንጂ ሌላ እንደሌለበት እያወቀች ከፈተችው። «ጨርቁ… አልበቃም እማዬ።»

«ሳይበቃ ቀርቶ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ የት ነው የምቀመጠው?»

ለዚህ የሚሆን ውሸት አላዘጋጀችም ነበር። «ከኋላ ነው፤ ከሴቶቹ ጋር። አንድ ቀን እኮ ነው እማዬ።» ያ የአሸናፊ ቃል ከገዛ አፏ ሲወጣ ስትሰማው አፈረች።

በለጥሽ እጇን ከጭቃው አነሳች።

«ሣራ ናት እንዲህ ያለችው» ብላ ብሩክታዊት ቶሎ ጨመረች። «እኔ አይደለሁም። ብታዪ እንዴት እንደተጣላኋት!»

«እሷን ተያት። እሷን ዕድሜዬን ሙሉ አውቃታለሁ፤ በየገበያው አለች። ማሰሮዬን ተቀብላ ቤቷ ታስገባለች፣ እኔን ከደጅ ትመልሰኛለች። እኔ የምጠይቀው አንቺን ነው። አንቺ ምን አልሻት?»

ብሩክታዊት ዳቦውን ከቦርሳው ማውጣት ጀመረች።

«ምን አልሻት?»

«እሺ አልኳት።»

በለጥሽ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ግማሽ የደረሰችውን ማሰሮ በሁለት መዳፏ ጨፍልቃ ወደ ጭቃው መለሰቻት። «እንግዲያው አልሠራም» አለች። «ማሰሮዬ ፊት ተቀምጦ ሊጨበጨብለት፣ እኔ ከኋላ ተደብቄ! ማሰሮው ነው እንዴ የወለደሽ?»

ብሩክታዊት አለቀሰች። እናቷም አላባበለቻትም፤ ፊቷን አዙራ እጇን ትታጠብ ጀመር። ይሄኔ ነው ብሩክታዊት ስልኳን አውጥታ አሸናፊ ጋ የደወለችው።

«ደረስሽ እንዴ? መንገድ እንዴት ነበር?» አለ።

«አሸናፊ፣ ስማኝ። እናቴ ፊተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ከእናትህ ጎን፣ ያንኑ ቀለም ለብሳ ትቀመጣለች። ይሄ ካልሆነ ሰርጉ የለም። እሺ ማለት አልነበረብኝም፤ ብያለሁ፣ አጥፍቻለሁ። አሁን አንተ ምን ትላለህ?»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው ሲያዛውር ተሰማት።

«አሸናፊ፣ አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

«እ… ቆይ ብሩኬ፣ እማዬ እዚሁ ናት» አለ። «ለእሷ ልስጥሽ።»

ብሩክታዊት ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ዘጋችው። ወዲያው መልሶ ጠራ፤ አላነሳችውም። እንደገና ጠራ፤ ጭራሹን አጠፋችው።

በለጥሽ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። «ምን ሆንሽ? ምን አለችሽ እናትየዋ?»

«እሷን አላናገርኳትም» አለች ብሩክታዊት። «እኔ የደወልኩት ለሚያገባኝ ሰው ነበር።»