አሥራ ሰባተኛው ጠርሙስ

«ጠብታ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የኮሌጁ ተማሪዎች ናቸው። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው ሠራተኛ ናት፤ አሲድ የምትለካው እስትንፋሷን ይዛ ነው፤ አንዲት ጠብታ ከመስመሩ ካለፈች ሁሉንም ደፍታ እንደገና ትጀምራለች። ባሏም «ወጥ ውስጥ ጨው የምትጨምረው በሚዛን ነው» እያለ ያማታል።

በዚያ ሳምንት የድሮውን መጋዘን እንድታጣራ ታዘዘች። ጣሪያው አፍስሶ ኖሮ፣ ነጭ ዱቄት የያዙ የሃያ ሦስት ጠርሙሶችን ስም እርጥበት በልቶታል። ከመካከላቸው ጨውም፣ መድኃኒትም፣ መርዝም አለ፤ ለዓይን ግን ሁሉም አንድ ናቸው። የክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ፕሮፌሰር፣ «ጠባዩን ጠይቂው፤ ስሙን ራሱ ይነግርሻል» ብለው ሄዱ። እሷም ደብተሯ ላይ አራት ዓምድ አሰመረች፦ ውሃ፣ እሳት፣ አሲድ፣ ስም።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሰባተኛው ላይ ደረሰች። ትልቅና ከባድ ጠርሙስ ነው። ከወረቀቱ የተረፈው «ባሪየም» የሚለው ብቻ ሲሆን ቀጣዩ ቃል ሻግቶ ጠፍቷል። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ አልሟሟም። በሽቦ ጫፍ እሳት ላይ ስትይዘው ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ። ባሪየምነቱ አላጠራጠረም። አሲዱን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ስልኳ ጮኸ።

የእህቷ ባል ነበር፤ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ያነሳል።

«ጠብታዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ለሆድ ራጅ የምናጠጣው ባሪየም ሰልፌት አልቆብኛል። ዛሬ ሦስት ሰው ቀጥሬአለሁ። አንዷ ከሩቅ የመጡ እናት ናቸው፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። እናንተ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው።»

ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። «እጄ ላይ ነው ያለው፣ ጋሼ» አለችው።

የቤተ ሙከራ ዱቄት ለሰው ሆድ እንደማይሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ግን «ለዛሬ ብቻ» ተባባሉ። የሆስፒታሉ ሾፌር መጥቶ ጠርሙሱን እንዳለ ወሰደው። እሷም በስም ዓምዱ ላይ «ባሪየም ሰልፌት» ብላ ጻፈች፣ ማንኪያውን አጠበች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ካውያ ሳይነቅል ከቤት እንደወጣ ሰው ሆነች። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ የቧንቧውን ውሃ ከፍታ ዘጋች። በመጨረሻ ደብተሩን ገለጠችው። ውሃ፦ አልሟሟም። እሳት፦ አረንጓዴ። አሲድ በሚለው ስር ምንም አልተጻፈም።

ባሪየም ሰልፌት በውሃም በአሲድም አይሟሟም፤ ስለዚህ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሳይነካ ይወጣል። ባሪየም ካርቦኔትም ነጭ ነው፣ ከባድ ነው፣ በውሃ አይሟሟም፣ እሳቱን አረንጓዴ ያደርጋል። የሆድ አሲድ ሲያገኘው ግን ይሟሟና ልብንና ጡንቻን ይይዛል። ለአይጥ መርዝነት የሚውለውም ይኸው ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ያ ያልጻፈችው መስመር ብቻ ነበር። ሰልፌት ያለችው ሰልፌት ስለተጠየቀች ነው።

ማንኪያው ላይ ብናኝ ፈለገች፤ የለም። ሚዛኑ ላይ፣ ጨርቁ ላይ፣ ቧንቧው አፍ ላይ ፈለገች። እንዲያ የምትመካበት ንጽህናዋ ጠላት ሆነባት። የእህቷ ባል ስልክ ጥሪ አይቀበልም፤ ራጅ ሲያነሳ ያጠፋዋል። የሆስፒታሉን ስልክ ያነሳችው ሴት «ይጠብቁ» ብላ ረሳቻት። ጠብታ ትንሽ የአሲድ ጠርሙስ በጥጥ ጠቅልላ ካፖርቷ ኪስ ከተተችና ወጣች።

ታክሲው መንገድ ተዘጋበት። ሾፌሩ መሪውን በጣቱ እየመታ ያንጎራጉራል። የፊተኛው መኪና ፈቀቅ ሲል ትነሳለች፣ ሲቆም ትቀመጣለች። «እህቴ፣ ብትቆሚም እኮ እኩል ነው የምንደርሰው» አላት። ወርዳ ሮጠች።

የሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ኪሷን ዳሰሰ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«አሲድ።» መዋሸት አልመጣላትም።

ጠርሙሱን ከፊቱ አርቆ ያዘው። «ይሄ አይገባም።»

«ሰው ሊሞት ነው።»

«እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው።»

ተወችለት። ግቢው ውስጥ ካለው ሻይ ቤት ገብታ፣ ከበላተኞች ፊት የሰላጣውን አቼቶ ከጠረጴዛ አንስታ ሮጠች። አቼቶም አሲድ ነው፤ ለዚህ ይበቃል። አስተናጋጇ ከኋላ ትጣራለች።

ራጅ ክፍሉ በር ላይ ሦስት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ገና ምንም አልተሰጣቸውም። አንዷ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ናቸው፤ በሁለት እጃቸው ነጭ ፈሳሽ የሞላበት ኩባያ ይዘዋል።

«እማማ፣ አይጠጡት» አለች ጠብታ እያለከለከች።

«አንቺ ደግሞ የማን ነሽ? ትናንት አትብዪ አሉኝ፣ ዛሬ አትጠጪ። እዚህ ቤት የሚፈቀደው ምንድን ነው?»

«ቀምሰውታል?»

«ሁለቴ ፉት ብያለሁ። ኖራ ኖራ ይላል።»

ኩባያውን ከእጃቸው ወሰደችው። የእህቷ ባል የእርሳስ ሽርጡን እንደለበሰ ብቅ አለ። ሳታስረዳው ጠርሙሱን አስወጣችው፣ ከዱቄቱ ቆንጥራ ሳህን ላይ አደረገች፣ አቼቶውን አፈሰሰችበት። ዱቄቱ ተንሿሿ። ጥቃቅን አረፋ እየፈላ ወጣ፤ ሰልፌት ቢሆን ንቅንቅ አይልም ነበር።

የእህቷ ባል ፊት አመድ መሰለ። «ሰልፌት ነው ብለሽኝ...»

«ሳላጣራ ነው ያልኩህ። ሐኪም ጥራ፣ ቶሎ።»

ሐኪሟ ብዙ አልጠየቀችም። ለሆድ ድርቀት የሚሰጠውን መራራ ጨው፣ ማግኒዢየም ሰልፌትን፣ በውሃ በጥብጣ ለአሮጊቷ አጠጣቻቸው። ውስጡ ያለው ሰልፌት ባሪየሙን አግኝቶ ወደማይሟሟው ይለውጠዋል፤ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ሊሆን የሚገባው ነገር አሁን ሆዳቸው ውስጥ እየተሠራ ነው ማለት ነው። ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጠፈ። አንድ ጊዜ አስመለሳቸው፣ ከንፈሬን ነዘረኝ አሉ። ጠብታ አልጋው ሥር ቆማ የልባቸውን ምት የሚያሳየውን መስመር ትከታተላለች። ወንበር ቢሰጧት አልተቀመጠችም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መስመሩ ረጋ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ነበር ያጠጣችሁኝ?»

«የአይጥ መርዝ ነው፣ እማማ። የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«እያወቅሽ?»

«ሳላጣራ።»

አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩዋት። «ልጄ፣ እኔ ብሞት ኖሮ የሁለቱ ልዩነት ለማን ይጠቅም ነበር?» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ውሃ አቀብዪኝ። መጀመሪያ ግን አንቺ ቅመሺው።»

ቀምሳ ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ገና በሩ ሳይከፈት ኮሌጁ ደረሰች። ፕሮፌሰሩ ቁልፋቸውን ይዘው ሲመጡ የሆነውን ሁሉ ቆማ ነገረቻቸው። አልተቆጧትም፤ ያም የባሰ ከበዳት። ደብተሩን ገልጠው ዓምዶቹን በጣታቸው እየነኩ ወረዱ።

«ከእሱ በፊት ባሉት ላይ አሲዱን በእርግጥ ሞክረሻል?»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል» ብለው ደገሙት። ከዚያ ካፖርታቸውን ሰቀሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በይ አንደኛውን አምጪው።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከአንደኛው ጀመሩ። እሷ ትሞክራለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ፤ ያላዩትን አይጽፉም። ዘጠነኛው ላይ ሌላ ስህተት ተገኘ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ ግን አልተገኘም። ጠብታው ከመስመሩ ሲያልፍባት ደፍታ ጀመረች፣ ሲያልፍባት ደግሞ ደፍታ ጀመረች።

ከሥራ ለአንድ ወር የታገደችበት ደብዳቤ የደረሳት ሐሙስ ከሰዓት፣ ሃያ አንደኛውን እንደጨረሱ ነው። ለእህቷ ባልም ተጽፎለታል፤ እህቷ ከዚያ ወዲያ ስልክ ሳትደውልላት ቆየች። አሮጊቷ በአራተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጡ፤ ራጁንም ሌላ ቦታ ተነስተው የጨጓራ ቁስላቸው ታወቀ። ያን ሐሙስ ግን ጠብታ ደብዳቤውን አንብባ ኪሷ ከተተችው።

«ሁለት ቀርቶናል» አለች።

ፕሮፌሰሩ እርሳሳቸውን አነሱ።