ፈቃዱ እስኪወጣ

«ሐኪም ልጅ እቤቱ ተቀምጣ ሰው በደረት ሕመም ይሞታል?»

ሴትዮዋ በሹክሹክታ የተናገረች መስሏት ነበር። የድንኳን ሸራ ግን ድምፅ አያስቀርም። እምነት ከውስጥ፣ ፍራሹ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደተቀመጠች ሰማች። ቀና አላለችም። እናቷ ብዙወርቅም ሰምታለች፤ እጇን ሰደድ አድርጋ የልጇን ጉልበት ያዘች።

የእምነት አባት ጣሰው የተቀበረው ትናንት ነው። ለቀስተኛው እየገባ «እግዜር ያጽናሽ ዶክተር» ይላታል። በተባለች ቁጥር ትሸማቀቃለች። አቃቂ ውስጥ ዶክተር የማይላት ሰው የለም። ዶክተር ያላላት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

የፈቃድ ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ነገ ደግሞ የአባቷ ሰልስት ነው።

ይህን የነገረችው ለእናቷ ነበር። እናቷ ለፈለቀች ነገረች። ፈለቀች የጣሰው ታላቅ እህት ናት፤ ድምፅ ዝቅ ማድረግ አታውቅበትም።

«ሰልስቱ ሳይወጣ? የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ? ደሞ ለፈተና!»

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል» አለች ብዙወርቅ።

«ይስማ! ሌላ ጊዜ አትፈተንም?»

«ይሄ ካለፋት ስንት ወር ትጠብቃለች።»

«ትጠብቅ! አምና እግሬ አብጦ መጥቼ እስቲ እይኝ ብላት፣ ፈቃድ የለኝም ብላ ጤና ጣቢያ የላከችኝ ልጅ ናት። እጄን እንኳ አልያዘችም። እኔ የአባቷ እህት!»

እምነት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። የተባለው እውነት ነበር።

ጣሰው ዕድሜውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ብዙ አይናገርም ነበር። ማሽን ሲበላሽ መጀመሪያ ጆሮውን ይለጥፍበታል፤ መፍቻ የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እምነት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ለሕክምና የሚያበቃ ውጤት አጣች። የደረሳት ፋርማሲ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አለቀሰች። አባቷ አንድ ቀን የክት ኮቱን ለብሶ ቦሌ ወደሚገኝ፣ ተማሪ ወደ ውጭ አገር ወደሚልክ የኤጀንት ቢሮ ወሰዳት። ግድግዳው ላይ የባሕር ፎቶ ተሰቅሏል። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ደሴት ላይ ነው። ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት ስለ ቤተ ሙከራው፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ አየሩ አወራቸው። ጣሰው ሁሉንም ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ስትመለስ እዚህ አገር ታክማለች?»

«አባባ፣ ሐኪም የትም ሐኪም ነው!» አለ ወጣቱ ሳቅ ብሎ።

ደረጃውን ሲወርዱ ጣሰው ቆመ። «ጥያቄዬን አልመለሰም» አለ። ከዚያ የእምነትን ፊት አየ። መውረዱን ቀጠለ። በወሩ ለትምህርቷ ክፍያ ዋናውን ቤት አከራየና ከሚስቱ ጋር ጓሮ ወዳለችው ሰርቪስ ቤት ገባ። የሞተውም እዚያው ነው።

ጥያቄው መልስ ያገኘው እምነት ከዓመታት በኋላ ዲግሪዋን ይዛ ስትመለስ ነው። ወረቀቷን ለማስመዘን አንድ ቢሮ ተመላለሰች። ሆስፒታል ገብታ እንደገና ለመለማመድ ሌላ ቢሮ። ከዚያ የፈቃድ ፈተናው መጣ፤ ወደቀች። በደሴቱ ሆስፒታል ወባ የያዘው ሰው አይታ አታውቅም ነበር።

የሰፈሩ ሰው ግን ይህን አያውቅም። በሽታውን ይዞ በር ያንኳኳል። አንድ የቢሮ ሰው ደግሞ «ያለ ፈቃድ አንድ ሰው አክመሽ ከተገኘሽ ፈቃዱን እርሺው» ብሏታል። ስለዚህ እቤት ውስጥ ቁርጡን ተናገረች።

«ፈቃዴ እስኪወጣ ማንንም አላይም። ማንንም።»

ጣሰው ያን ጊዜ የወንበር እግር እየመታ ነበር። መዶሻውን አሳርፎ «እሺ» አለ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ቆሞ በሽተኛ የሚመልሰው እሱ ሆነ።

«ገና ናት» ይላል። «ፈቃዱ ይውጣና ኑ።»

ከሰዓት በኋላ ሀይረዲን ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሀይረዲን ከጣሰው በር ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው። እሱና ጣሰው ሱቁ ደጃፍ ላይ በለስላሳ ሣጥን ተቀምጠው ያመሹ ነበር። ፈለቀች አሁንም ስለ ፈተናው እያወራች ነው።

«እትዬ ፈለቀች፣ ልጅቷን ይተዋት» አላት።

«አንተ ምን አገባህ? ሂድ ሱቅህን ጠብቅ።»

«ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁት። የጋሽ ጣሰው ነገር ያገባኛል።» ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ። «ደረቱን ካመመው ሰንብቷል።»

እምነት ቀና አለች። «እኔን ምንም አላለኝም ጋሼ።»

«አይልሽም። ባጃጅ ልጥራና ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። ሐኪም አለኝ አለ። ታዲያ ንገራት አልኩት። ‹ማንንም አላይም ብላለች፤ እኔን ካየች ሕግ አፈረሰች ማለት ነው፤ ወረቀቷን ይይዙባታል› አለኝ። እንግዲያው ሌላ ሐኪም ይይህ ስለው ተቆጣ። ‹የገዛ አባቷ አላመናትም ይበሉ? ፈተናዋ ደርሷል። ፈቃዱ ሲወጣ የመጀመሪያው በሽተኛ እኔ ነኝ። ወረፋዬን ማንም አይነካብኝ› አለኝ። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወላሂ፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

 ከውጭ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ባለፈው እሑድ እምነት መጽሐፏ ላይ አጎንብሳ ሳለ አባቷ መጥቶ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ። «ያ የምትይዙት የደም ሥር የት ጋ ነው?» አላት። «ከአውራ ጣት ሥር ነው አባዬ» አለች፤ ዓይኗን አላነሳችም። ክንዱ ጥቂት ቆየ። ከዚያ እጅጌውን ዝቅ አድርጎ «በርቺ» አለና ወጣ።

«ነገ አልሄድም» አለች እናቷን። «ለማን ብዬ?»

ብዙወርቅ ዞር አለች። ፈለቀችን አየቻት። ፈለቀች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ንፍሮ ይቀቀላል። እምነት ከፍራሹ አልተነሳችም። ፈለቀች መጥታ ፊቷ ቆመች።

«ተነሺ።»

«አክስቴ፣ ይተዉኝ።»

«ተነሺ አልኩሽ! ወንድሜ ወረፋ ይዞ ነው የሞተው። እንዲያው ከንቱ ልታደርጊበት ነው?»

ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ከትከሻዋ ገፈፈች፤ አራገፈችው፤ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ አለበሰቻት። «በር ላይ ሐዘንተኛ ብለው እንዳይመልሱሽ» አለች። ሀይረዲን ባጃጅ ይዞ ደጅ ቆሟል።

አንዲት ለቀስተኛ «በሰልስት ወዴት ነው?» አለች።

«ሥራዋ ነው! የላክኋት እኔ ነኝ። የሚያማ እኔን ይማ!» አለች ፈለቀች።

እምነት ተፈተነች። አንድ ጥያቄ ላይ ብዙ ቆየች። ዕድሜው ስለገፋ፣ ደረቱን ስለሚያመው ሰው ነበር። መልሱን ታውቀዋለች።

ስትመለስ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲያፈርሱ ደረሰች። የቤቱ በር ላይ ቆመች። ነጠላዋን ገልብጣ አዘቀዘቀችውና ገባች። ወደ ቤት በገባው ፍራሽ ላይ፣ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እንዴት ነበር ብሎ የጠየቃት የለም።

ፈለቀች መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። እግሯን አሸች። ከዚያ ክንዷን አምጥታ የእምነት ጉልበት ላይ አኖረች፤ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ። 

እምነት የአክስቷን ክንድ አየች። ጣቶቿን ከአውራ ጣቱ ሥር አሳረፈች። ደም ሥሩ ይመታል። አልቆጠረችም። ያዘችው ብቻ።